ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ብርጭቆ

ለተክርስቶስ ሐጎስ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ለነርሷ አስይዛ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነች። ከሁለት ዓመት በፊት ሃምሳ ስድስት ነበረች። ከቸርችል ጎዳና ገባ ባለ ፎቅ ላይ ክሊኒክ ያለው የሆድ ዕቃ ሐኪም፣ ዶክተር ማቲዎስ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፋቸውና በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረጋቸው።

«በዚህ ክብደት ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ባልደረባዬ አይነካዎትም» አላት። «ልንካ ቢል እንኳ ከጠረጴዛው ላይ የሚነሡ አይመስለኝም። ከቢላዋ በፊት የቀረን አንድ ነገር ነው። እሱን እንሞክር።»

ነገሩ የጀመረው ድሮ ነው። በ1985 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሳለች ጨጓራዋ ቆስሎ ደም አስተፋት፣ ሆዷ ተከፍቶ ተሰፋና ዳነች። ያ ስፌት ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንጀቷ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ምግብ የሚያቁር ጉድባ ሠራ፤ እዚያ ውስጥ መኖር የማይገባቸው ባክቴሪያዎች ገብተው ተባዙ። ጠዋት የቀመሰችው ነገር ከሰዓት በኋላ ሆዷን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል፣ ሳያድር ደግሞ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ፀጉሯ ሳሳ። የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዝ ጀመር።

መደንዘዙ ከሁሉ ይልቅ አስጨነቃት፤ እንጀራዋ በጣቷ ነውና። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ንዋያተ ቅድሳት በሚሸጥበት መደዳ ሠላሳ አንድ ዓመት የታቦት ጥላ ጠልፋለች። ከፋዩን በእንጨት ወጥራ ሐረጉንና መስቀሉን በወርቅማ ክር ታወጣለች። ዘርፉን የሚገጥመውና ዙሪያውን በመኪና የሚሰፋው ሰመረ የሚባል ባልደረባዋ ነው። መደዳው ለመንገድ ሲፈርስ ሁለቱም አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ክፍል ተዛወሩ። ሰመረ ተወልዶ ያደገው እዚያው አራዳ ነው፤ ዝም ማለት አያውቅበትም።

«እትዬ ለቲ፣ ክርስትናው መቼ ነው?» ይላታል ሆዷ በተነፋ ቁጥር። «ቀኑን ቶሎ ንገሪኝ፣ ጥላውን እኔ በነጻ እሰፋለሁ።»

«መጀመሪያ አንተ ተነሣ። ገና ያልተጠመቅክ ትመስላለህ» ትለዋለች ቀና ሳትል።

በኋላ ግን መርፌው ከእጇ ወድቆ ሲያቀብላት ቀልዱን ተወው። እሷም የቀልዱን መቅረት ልብ አለችው፣ ከሐኪሙ ቁጥርም በላይ አስፈራት።

ዶክተር ማቲዎስ ሦስት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን አዞላታል። በየጊዜው አንድ ወር ያህል ትሻላለች፤ ከዚያ ይመለሳል። የትንፋሽ ምርመራም አደረገላት። ጣፋጭ ነገር አጠጥተው በየሃያ ደቂቃው ቱቦ ውስጥ ስትተነፍስ መሣሪያው የባክቴሪያዎቹን ጋዝ ይለካል። ከሃያ በላይ ከሆነ ችግር ነው። የእሷ ሰባ አራት ሆነ።

አሁን የቀረው ነገር ዱቄት ነበር።

«ይኸውልዎት» አለ ሐኪሙ። «እርስዎ የሚበሉትን እነሱ ቀድመው ይበሉብዎታል። ይህ ዱቄት ግን መፈጨቱ ያለቀ ምግብ ነው። ከላይኛው አንጀት እንደደረሰ ወደ ደም ይገባል፤ ወደ ታች ለእነሱ የሚወርድ ነገር የለም። ዐሥራ አራት ቀን ከእሱና ከውሃ በቀር ምንም አይቀምሱም። ጉርሻ የለም፣ ሻይ የለም፣ ማስቲካም የለም።»

«እናስጾማቸዋለና» አለች ለተክርስቶስ።

ሐኪሙ ሳቀ። «እነሱ ይጾማሉ። እርስዎ ግን አይጾሙም፤ ልዩነቱ እሱ ነው። በቀን ስድስት ብርጭቆ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ። አንዱን ብርጭቆ በትንሽ በትንሹ፣ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚጨርሱት። ከተጣደፉ ስኳሩ አንጀትዎን ያጥበዋል፣ የገባው ሁሉ ይወጣል። የጠጡበትን ሰዓት እዚህ ላይ ይጻፉልኝ።» በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ሰጣት። «እኔ ቤትዎ የለሁም። የማየው በዚህ ወረቀት ነው።»

«ወተት አለበት?»

«ወተትም ሥጋም የለበትም።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሰዓቱን ብትጠይቀው ምን እንደሚላት ታውቃለች፤ ለዚያ ነው ያልጠየቀችው።

ዱቄቱን ያገኘችላት ዊንታ ናት። ዊንታ የወንድሟ ልጅ ስትሆን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ለተክርስቶስ አሳድጋታለች፤ አሁን መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ትሠራለች። ሰማንያ አራት እሽግ ዱቄት በካርቶን ይዛ መጣችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«አሞይ፣ በአገሩ ያለው ይኸው ነው» አለች አክስቷን። «የሚቀጥለው ጭነት ለጥቅምት ነው። አንዱም እንዳይደፋብሽ።»

«መቼ ነው የምጀምረው ታዲያ?»

«ነገ ጀምሪ።»

«ነሐሴ አንድ እጀምራለሁ» አለች ለተክርስቶስ። «ፍልሰታ ሲገባ ሁሉም ሰው ስለማይበላ ነይ ብይ፣ ነይ ቅመሺ የሚለኝ አይኖርም።»

ዊንታ ይህን ብልህነት ነው ብላ ተቀበለችው። ግማሹ እውነት ነበር።

ሌላው ግማሽ እንዲህ ነው። ለተክርስቶስ አዲግራት ተወልዳ በዘጠኝ ዓመቷ ከአጎቷ ጋር አዲስ አበባ መጣች። ሐድጉ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖረች፤ ልጅ አልወለዱም፤ እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እናቷ ግን አዲግራት ነበሩ። የጦርነቱ ጊዜ ስልክ ሲቋረጥ በ2013ም በ2014ም ፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ውሃ ሳትቀምስ ጾመች፣ «እናቴን በሕይወት አቆይልኝ» እያለች። ስልኩ ጥር 2015 ሲከፈት የሰማችው እናቷ የሞቱት ሐምሌ 9 ቀን 2013 መሆኑን ነው። ሁለቱንም ፍልሰታ የጾመችው ለሞተ ሰው ጤና ነበር። ማንም አላጠፋም፤ ስልክ አልነበረም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ይበልጥ አጠበቀችው፣ አንድ ሰዓት እንኳ ብታጎድል ያ ሁሉ ጾም ከንቱ የሚሆን ይመስል።

ስለዚህ ነሐሴ 1 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ ወደ ጊዮርጊስ ወጣች። ጠበል ተጠምቃ፣ ትንሽም ጠጥታ፣ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ሰማች። ከዚያ ቅዳሴው ገባ። ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ሳይዘንብባት ቤቷ ደረሰች። ቤቷ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን እሽግ ቀድዳ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠችው። ሽታው ቫኒላ ነው፤ ጣዕሙ ሳንቲም ምላስ ላይ እንደማኖር። በሩብ ሰዓት ጨረሰችው። ከዘጠኝ ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ምሽት ስድስቱንም ጠጣች።

ወረቀቱን አወጣች። መስመሮቹ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ይላሉ። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየችና በእያንዳንዱ ሰዓት ትይዩ «ጠጥቻለሁ» ብላ ጻፈች። ጽሑፏ እንደ ጥልፏ ነው፤ ፊደሏ አይዛነፍም።

በማግስቱ ሆዷ ተበጠበጠ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሁለት ቀን ሊያስቸግር ይችላል ብሏት ስለነበር በዚያ አሳበበች። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው በጠዋት ስለሚያልቅ ከሦስት ሰዓት በኋላ መጠጣት ቻለች፤ እነዚያን ሁለት ቀን ሆዷ ዝም አለ፣ እሑድም ያለ ድጋፍ ደረጃ ወጣች። ሰኞ እንደገና ቅዳሴው ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያን ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ድልድዩ አጠገብ ዓይኗ ጨለመባትና ሎሚ የምትሸጥ ሴት በርጩማዋን ለቃ አስቀመጠቻት።

ረሃቡን እንኳ ትችለዋለች። የከበዳት አለማኘክ ነው። ጥልፍ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ ትቆርጠዋለች፤ በእነዚያ ቀናት ክሩን ከወትሮው በላይ በጥርሷ ይዛ ታቆየዋለች። ሰመረ አይቷት ነበር። ወሬውን ሁሉ ትቶ መቀሱን ወደ እሷ ገፋው።

ነሐሴ 6 ቀን ማክሰኞ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ የጠለፈችውን ከፋይ ልታደርስ ስትል አየለች በሯ ላይ መጣች። አየለች ከግቢው ሰዎች ሁሉ ለእሷ የቀረበችው ናት። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነች፣ አራት ኪሎ አካባቢ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ክረምት ስለሆነ ቤት ናት። ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል።

አየለች ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለውን ወረቀት አየች። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ የተደፋውን ደረቅ ብርጭቆ አየች። ቀጥላ ካርቶኑን ከፈተችና ቆጠረች።

«እትዬ ለቲ፣ እዚህ ላይ የዛሬን አንድ ሰዓትና ሦስት ሰዓት ጠጥቻለሁ ይላል።»

«ይላል።»

«ካርቶኑ ውስጥ ሃምሳ አራት አለ። እስከ ትናንት ሠላሳ ከጠጣሽ ሃምሳ አራት ነው የሚቀረው። የዛሬው አልተነካም።»

«አንቺ ደግሞ ተማሪ አጣሽና የእኔን እሽግ ትቆጥሪ ጀመር?»

«ክረምት ነዋ። ምን ላድርግ፣ እጄን ይበላኛል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ጠበሉን በጠዋት ትጠጪው የለ? ይሄስ ምን ልዩነት አለው?»

«ጠበል ምግብ አይደለም።»

«ይሄም መድኃኒት ነው።»

«ሐኪሙ ራሱ ምግብ ነው አለኝ። የተፈጨ ምግብ።» ለተክርስቶስ ከፋዩን በፌስታል ጠቀለለች። «ለዊንታ እንዳትነግሪ። በእናቴ ይዤሻለሁ።»

አየለች በሩን ይዛ ቆማ እግሯን ተመለከተችና ወጣች። ለዊንታም አልነገረች፤ ለማንም። ለተክርስቶስ ይህን እንደ ወዳጅነት ቆጠረችው። ለምን ዝም እንዳለች የገባት ቆይቶ ነው።

ነሐሴ 8 ቀን ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት የሐኪሙ ቀጠሮ ነበር። ሚዛኑ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ አለ። ነርሷ አስወረደቻትና እንደገና አወጣቻት። ለውጥ የለውም።

ዶክተር ማቲዎስ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አርባ ሁለት ጊዜ «ጠጥቻለሁ» ይላል፤ አንድም ሰዓት አልተዛነፈም።

«እንደዚህ አድርጎ የጻፈልኝ ሕመምተኛ የለም» አላት። ድምፁ ግን ደስታ አልነበረውም። «ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ ይህን ሁሉ በሰዓቱ እየጠጡ ሁለት ኪሎ ተኩል ከቀነሱ አንጀትዎ ይህንንም መውሰድ አቅቶታል ማለት ነው። ይህንን ካልወሰደ የሚወስደው ነገር የለም። ዱቄቱን እናቆማለን። ሆስፒታል ተኝተው በደም ሥር ምግብ ይሰጥዎታል፤ ለቀዶ ሕክምናው ባልደረባዬ ዛሬውኑ እደውላለሁ።»

«አይነካኝም ብለውኝ አልነበር?»

«ነበር። አሁን ምርጫ አጣን።»

አፏን ከፈተች። ነርሷ ቆማ ነበር፤ ሐኪሙም ስልኩን አንሥቶ ነበር። «ለዘመዶቼ ልንገር» ብላ ብቻ ነጠላዋን ይዛ ወጣች።

ቸርችል ጎዳናን ወደ ላይ ስትወጣ አራት ጊዜ ቆመች። አንድ የታክሲ ረዳት «እማማ ፒያሳ! ፒያሳ በእግር አይደረስም» እያለ በሩን ከፈተላት። አልገባችም። በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት ወደ ቢላዋ እየወሰዳት መሆኑ ገብቷታል። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው። ሐምሌና ነሐሴ 2013 ላይ እናቴ አለች ብላ እንዳመነችው እሱም ጠጥታለች ብሎ አምኗል። በእሷ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ነበር። በእሱ ጊዜ ያቋረጠችው ራሷ ናት።

ጊዮርጊስ ስትደርስ ቅዳሴው አልገባም። የንስሐ አባቷ አባ ገብረዮሐንስ ከዝናቡ ተጠልለው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆመው ነበር። የአክሱም ሰው ናቸው፤ ከሰማንያ ዓመት ወዲያ ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲሰሙ ጣልቃ አልገቡም።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ጹሚ ያለሽ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እኔ አላልኩሽም። በሽተኛ ነሽ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነሽ።»

«ሠላሳ ስድስት ከስምንት መቶ።»

«እሱንም አልፈሻላ።» ጢማቸውን ጠረጉ። «ብትጠይቂኝ መልሴን ታውቂው ነበር። ለዚያ ነው ያልጠየቅሽኝ።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «አባ» አለች፣ «እናቴ ሞታ ሳለ ለጤናዋ ሁለት ፍልሰታ ጾሜያለሁ። ያ ጾም የት ሄደ?»

ዝናቡ ከጣሪያው ክዳን እየወረደ እግራቸው አጠገብ ይፈሳል።

«አላውቅም» አሉ። «አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። የተቀበለው ያውቀዋል። ግን ያ ጾም ያንቺ ዕዳ አይደለም፣ ቀጥይበት ያለሽ የለም። እኔ ያስተማርኩሽ ጾም ወረቀት ላይ ሐሰት እየተጻፈ የሚጾም አይደለም። አሁን ሂጂና ለሐኪሙ ልክ እኔ ፊት እንዳልሽው በይ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በአንድ ሰዓት ትጠጫለሽ። ትእዛዝ ነው። ካልጠጣሽ ለቁርባን ወደ እኔ እንዳትመጪ።»

«ደጁንስ አልሳለም?»

«መድኃኒቱን ጨርሰሽ ተሳለሚ። ደጁ አይሄድብሽም።»

ሐኪሙ ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚወጣ ታውቃለች። በታክሲ ወረደች። ኮቱን ለብሶ ሲወጣ በኮሪደሩ አገኘችው።

«ወረቀቱ ውሸት ነው» አለችው። መቅድም አላበጀችለትም። «ቅዳሴ ሳያልቅ አልጠጣሁም። ሁሉንም የጠጣሁት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።»

ዶክተር ማቲዎስ ቆሞ ቀረ። የተቆጣ መሰለ፤ መቆጣቱንም ተከትሎ ሌላ ነገር ፊቱ ላይ መጣ። «ሁሉንም? በስንት ሰዓት ውስጥ?»

«ከዘጠኝ ተኩል እስከ ምሽት ሦስት።»

«በየቀኑ?»

«ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬያለሁ። ቅዳሴው ቀደም ስለሚል።»

ሐኪሙ ቁልፉን መልሶ ቢሮውን ከፈተ። አዲስ ወረቀት አወጣና በፊቷ አስቀመጠ። «ይጻፉልኝ። የታዘዘውን ሰዓት አይደለም፤ የሆነውን። ሆድዎ የተበጠበጠበትን ሰዓትም።»

ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ጣቷ ይደነዝዛልና ፊደሏ ተዛነፈ፤ ሁለት ቦታ ሰርዛ ጻፈች። ሲያልቅ ሐኪሙ በጣቱ የነሐሴ 3ንና የነሐሴ 4ን መስመር ተከተለ።

«እነዚህን ሁለት ቀን አልወጣዎትም።»

«አልወጣኝም። እሑድ ደረጃም ወጥቻለሁ።»

«ስለዚህ አንጀትዎ ይወስዳል። ቀስ ብለው ሲጠጡት ይወስዳል።» ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ባይነግሩኝ ሰኞ ሆድዎን እናስከፍት ነበር። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምልዎት። እኔም በሕይወት እስካለሁ የማልረሳው ስለሆነ ነው።»

የቀረው አርባ ሁለት እሽግ፣ ሰባት ቀን ነበር። ግማሽ ሕክምና ሙሉውን እንደማይተካ ነገራት። ያለፈው ሳምንት ምን ያህል እንደተጠቀመበት ማወቅ እንደማይችልም ነገራት። ወደ ባልደረባው ደውሎ «ቆይ» አለው።

በዚያው ቀን ቤቷ ቁጭ ብላ ጀመረች፤ ማታም ለዊንታ ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። በማግስቱ ዓርብ ግን ከሁሉ የከፋው ጠዋት ሆነ። በአንድ ሰዓት ብርጭቆውን ያዘች። የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ ውዳሴ ማርያሙን ያሰማል፤ ግቢው ውስጥ ነጭ የለበሱት ይወጣሉ። ብርጭቆው ከንፈሯ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አጥንቷ ድረስ የምታውቀው ነገር በዚህ ሰዓት አፍ አይከፈትም ይላታል። የካህን ትእዛዝም ያንን ዝም አላሰኘውም።

አየለች ሳታንኳኳ ገባችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ዊንታ ነግራኛለች» አለች።

«አንቺ ለዊንታ አልነገርሽ፣ እሷ ላንቺ ነገረች።»

«ልነግራት ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቻለሁ።» አየለች እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ነበር። «ግን ምን እንደሚባል አስቢው። ጴንጤዋ ጎረቤት ፍልሰታን አስገደፈቻት ነው የሚባለው። ሃያ ዓመት ጾምሽን ሳልነካ፣ አንቺም መዝሙሬን ሳትነኪ ኖረናል። ያንን እንዳላበላሽ ብዬ ልገድልሽ ነበር።»

ለተክርስቶስ ብርጭቆውን አየች። «እኔ ደግሞ አልተናገረችም ብዬ አመሰግንሽ ነበር።»

«በይ ጠጪ። ሁለታችንም ጅል ነን።»

«አንቺ እያየሽ?»

«ልዙርልሽ?»

«አትዙሪ። አታውሪ ብቻ።»

ጠጣችው፤ ትንሽ ጉንጭ፣ ቆም፣ ትንሽ ጉንጭ። አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጀ። አየለች አላወራችም፤ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ አድርጋ ቆየች። መጨረሻው ጉንጭ ሲወርድ ለተክርስቶስ እንባዋ መጣ፣ ወደ ውጭ ግን አልፈሰሰም። ወረቀቱ ላይ «1፡10 ጀመርኩ፣ 2፡15 ጨረስኩ» ብላ ጻፈች።

እስከ ነሐሴ 14 እንዲህ ቀጠለ። አየለች በየጠዋቱ እየመጣች ትቀመጣለች። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት «እትዬ ለተክርስቶስ ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ፣ ቤታቸው ደግሞ ሰው ይገባል ይወጣል» ማለቷ ተሰማ። ሰመረ ከሥራ ቦታ ከፋዩን ተሸክሞ አመጣላትና «ጥላ በአልጋ ላይ የሚጠለፍበት ዘመን ላይ ደረስን» ብሎ ሄደ። ሆዷ ከዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ተበጠበጠ። የቀረውን ቀን ዝም ብሎ ዋለ፤ ዝምታውን ለማመን ግን ፈራች፣ ተሻለኝ ብላ ደጋግማ ተሸውዳለችና።

ነሐሴ 15 ቀን ሐሙስ ሚዛኑ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ከአምስት መቶ አለ። ወደ ትንፋሽ ምርመራው ገባች፤ ሦስት ሰዓት ቱቦውን ነፋች። ዶክተር ማቲዎስ ውጤቱን ራሱ ይዞ ወጣ።

«ሠላሳ አንድ» አላት።

«ከሃያ በላይ ነው።»

«ከሃያ በላይ ነው። ከሰባ አራት ወርዷል፤ ግን አልጠፉም። ካልጠፉ ይመለሳሉ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይሰጡን ይሆናል።» ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «በዚህ ክብደት ቀዶ ሕክምናው አሁንም አይታሰብም። ጥቅምት ላይ ዱቄቱ ሲመጣ ዐሥራ አራቱንም ቀን በልኩ እንደግመዋለን። ያኔ ሃያ ከደረስን ኪሎ ጨምረው ማሠራት ይቻላል። ካልደረስን አላውቅም።»

«ጥቅምት ጽጌ ነው» አለች።

«ጽጌ ግዴታ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የፈቃድ ነው። እኔ ግን ሳልጾመው ቀርቼ አላውቅም።»

ሐኪሙ አያት። «ታዲያ በጠዋት ይጠጣሉ?»

ለተክርስቶስ ቃል መስጠት ቀላል እንደሆነ ታውቃለች። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያለ ቃል ስትዋሸው ሰንብታለችና።

«አላውቅም ዶክተር» አለች። «ሳልጠጣ ከቀረሁ ግን አልጠጣሁም ብዬ እጽፍልዎታለሁ።»

ሐኪሙ የተፈቀደላትን ምግብ ጻፈላት፤ ለሦስት ቀን ቀጭን የሩዝ ሾርባ በማንኪያ። ቤቷ ስትደርስ አየለች በረንዳ ላይ የትምህርት ዓመቱን ዕቅድ እያዘጋጀች ነበር። ለተክርስቶስ ቁጥሩን ነገረቻት፣ ስለ ጥቅምትም ነገረቻት። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ከእግሯ ሥር፣ ተቀመጠች።

«ጥቅምት ላይ ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ ፊት ለፊቴ ቁጭ በይልኝ» አለች። «አባ ቢያዙኝም፣ ሐኪሙ ቢያዘኝም፣ ብቻዬን ከሆንኩ አልጠጣውም። ራሴን አውቃታለሁ።»

አየለች እርሳሷን ወረቀቱ ላይ አስተኛች። «ጥቅምት ላይ ትምህርት አለ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሰልፍ ላይ መገኘት አለብኝ።»

«ታዲያ በዐሥራ አንድ ተኩል ነይ።»

«በዐሥራ አንድ ተኩል? እኔም ልጹም ነው እንግዲህ» አለች አየለች፤ ዕቅዱን አጥፋም በሁለተኛው ገጽ ላይ ሰዓቱን ጻፈችው።